«ያልታወቀችው ሴት»፦ አንድ የዘይት ቀለም ፖርትሬት ከሸራው እስከ ቫርኒሹ

በሞስኮ ትሬትያኮቭ ጋለሪ ከተሰቀሉት ሥዕሎች መካከል አንዲት ስም የሌላት ወጣት ሴት አለች። ሩሲያዊው ሠዓሊ ኢቫን ክራምስኮይ በ1883 ሲሥላት «ያልታወቀች» ብቻ ብሎ ሰየማት (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሴንት ፒተርስበርግ ኔቭስኪ ጎዳና ላይ፣ ክፍት ሠረገላ ውስጥ ተቀምጣ፣ የዓይን ቆቧን ዝቅ አድርጋ ቁልቁል ታየናለች። ጥቁር የከፋይ ባርኔጣዋ ላይ ነጭ የሰጎን ላባ ተሰክቷል። ካፖርቷ ለስላሳ ጸጉር ባለው ቆዳና በሳቲን ጥብጣብ የተከፈፈ ነው፤ እጇ ላይ የቆዳ ጓንት፣ አንጓዋ ላይ የወርቅ አምባር ይታያል። ከኋላዋ አኒችኮቭ ቤተ መንግሥት በበረዶው ወራት ጉም ውስጥ ደብዝዟል። ሸራው 75.5 ሴንቲ ሜትር ቁመትና 99 ሴንቲ ሜትር ወርድ አለው። ፖርትሬት (የአንድ ሰው ምስል) አብዛኛውን ጊዜ ከወርዱ ቁመቱ ይበልጣል፤ ይህኛው ግን ወደ ጎን የተዘረጋ ነው፤ ምክንያቱም ለሠረገላውና ለከተማው ቦታ ያስፈልግ ነበር።

ይህን ሥዕል በመጽሐፍ ወይም በስልክ ያዩ ሰዎች ቶሎ የሚሉት «ፎቶ ይመስላል» ነው። እንደ ምስጋና ይባላል፤ ነገር ግን ሥዕሉ የሚሠራበትን ዘዴ ይሸፍናል። ካሜራ በአንድ ርቀት ላይ ያለውን ነገር ሁሉ እኩል አጥርቶ ያነሣል። ክራምስኮይ ያደረገው የዚህን ተቃራኒ ነው፦ ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ብቻ አጥርቶ፣ የቀረውን በልክ በልክ አደብዝዞታል። ሰውየው ፎቶን በደንብ ያውቅ ነበር፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የፎቶ አራሚ ሆኖ ሠርቷል። የዘመኑ የፎቶ ኬሚካል ቀይ ብርሃንን ስለማይቀበል ከንፈርና ቀይ ጉንጭ ጠቁረው፣ ሰማያዊ ዓይን ደግሞ ገርጥቶ ይወጣ ነበር። አራሚው እነዚህን ስህተቶች በእጁ ሲያቃና ይውላል። ፊት ላይ የትኛው ጥላ ቅርጽ እንደሚሠራ፣ የትኛው ደግሞ ቢጠፋ እንደማይጎዳ ለመለየት ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አይገኝም።

የዘይት ቀለም እንዲህ ያለ ምርጫ እንዲቻል ያደረገው በዝግታው ነው። ስለዚህ ከዘይቱ እንጀምር።

የዘይት ቀለም ማለት የተፈጨ ቀለም በተልባ ዘይት ተለውሶ ማለት ነው። ውሃ ሲደርቅ ይተናል፤ የተልባ ዘይት ግን አይተንም። ከአየር ኦክስጅን እየሳበ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ይያያዙና ወደ ጠንካራ ስስ ሽፋን ይለወጣል፤ በዚህ ጊዜ ክብደቱ እንኳ ይጨምራል። መጥበሻ ጠርዝ ላይ የቀረ የኑግ ዘይት ውሎ አድሮ ሙጫ የሚሆነው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ኑግም እንደ ተልባ አየር ሲያገኘው የሚጠነክር ዘይት ነው። የወይራ ዘይት ግን ዓመት ቢቀመጥ ስለማይጠነክር ለሥዕል አይሆንም።

ሸራውም ከዚሁ ተክል ይመጣል። የአውሮፓ ሠዓሊዎች ለጥሩ ፖርትሬት የሚመርጡት ከተልባ እግር የተሸመነ ሸራ ነበር፦ ከግንዱ ቃጫ ክሩ፣ ከፍሬው ዘይቱ። ሆኖም ሁለቱ በቀጥታ እንዲነካኩ አይፈቀድም። ዘይቱ እየጠነከረ ሲሄድ አሲድ ያመነጫል፤ አሲዱ ክሩን ያሻግተዋል፤ ሸራው ከጊዜ በኋላ እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰበራል። ስለዚህ መጀመሪያ ሸራው በእንጨት ፍሬም ላይ ተወጥሮ ከእንስሳ ቆዳ የተሠራ ኮላ ይቀባል። ልኩ በአንድ ሊትር ውሃ ከ60 እስከ 80 ግራም ነው። ኮላው ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ያድርና በማግስቱ ዕቃው በሞቀ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ይሟሟል። ከ60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ብዙ ማለፍ የለበትም፤ ከፈላ የማጣበቅ ኃይሉ ይሰበራል። ወፍሮ ከተቀባ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። ኮላ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ አየሩ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በላዩ ያለው ቀለም ግን አብሮት መንቀሳቀስ አይችልምና ይሰነጠቃል። በብዙ አሮጌ ሥዕሎች ላይ የሚታየው እንደ መረብ ያለ ስንጥቅ ግማሽ ምክንያቱ ይህ የኮላው እንቅስቃሴ ነው።

ከኮላው በላይ መደብ፣ ማለት ሥዕሉን የሚሸከም ነጭ ንብርብር፣ ይቀባል። የእርሳስ ነጭ (እርሳስ ከሚባለው ብረት የሚሠራ ነጭ ቀለም)፣ ጥቂት ጠመኔና የተልባ ዘይት ተቀላቅለው፣ ስስ ሆነው ሁለት ጊዜ። እያንዳንዱ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት በቀስታ ይታሻል። መደቡ እንደ መስተዋት ከለሰለሰ ቀለም የሚይዝበት ስለማያገኝ በኋላ ይላጣል። ጠመኔው ከበዛ ደግሞ ዘይቱን ከላይኛው ቀለም መጥጦ ጥቁሩን ሁሉ አመዳም ያደርገዋል። በክራምስኮይ ዘመን ብዙ ሠዓሊዎች ይህን ሥራ በገዛ እጃቸው ማድረግ ትተው ነበር፤ መደቡ የተቀባ ሸራ በጥቅል ከሱቅ ይገዛ ነበር። ቀለሙም እንዲሁ በቆርቆሮ ቱቦ ይሸጥ ነበር። ይህን ቱቦ በ1841 የፈጠረው ጆን ጎፍ ራንድ የሚባል አሜሪካዊ የፖርትሬት ሠዓሊ ነው። ከዚያ በፊት የተለወሰ ቀለም በአሳማ ፊኛ ታስሮ ነበር የሚቀመጠው፤ ፊኛው አንዴ ከተበሳ የተረፈው ቀለም ብዙም ሳይቆይ ይደርቃል።

ነጭ መደብ ላይ ወዲያውኑ ፊት መሥራት የሚጀምር ሰው ራሱን ያሳስታል። ከንጹሕ ነጭ አጠገብ ማንኛውም የቆዳ ቀለም ጠቁሮ ስለሚታይ ሁሉንም ከሚገባው በላይ አንጥቶ ይቀባል። መፍትሔው ሸራውን በተርፐንታይን (ከጥድ ሙጫ በሚወጣ ማቅጠኛ) በቀጠነ ቡናማ ወይም ግራጫ ቀለም አስቀድሞ ማጥቆር ነው። ያን ጊዜ ብርሃኑ ወደ ላይ፣ ጥላው ወደ ታች እኩል መንገድ ያገኛል።

ቀጥሎ በከሰል ንድፉ ይወጣል። ጀማሪዎች ሁሌም የሚሳሳቱት ዓይንን ከፍ አድርገው በማስቀመጥ ነው። ዓይን የሚገኘው ከራስ ቅል አናት እስከ አገጭ ባለው ርቀት እኩሌታ ላይ ነው፤ ከግንባር በላይ ያለው የጸጉር ክፍል ስለሚረሳ ነው ወደ ላይ የሚሄደው። በሁለቱ ዓይኖች መካከል ያለው ክፍተት የአንድ ዓይን ወርድ ያህል ነው። ፊቱ በከፊል ዞር ሲል ግን ራቅ ያለው ዓይን ይጠባል። በዚህ ሥዕል ላይ ደግሞ የተመልካቹ ቦታ ዝቅ ያለ ነው፤ እኛ መንገድ ላይ ነን፣ እሷ ሠረገላ ላይ። ከታች የሚታይ ፊት ላይ የቅንድብ፣ የዓይንና የአፍ መስመሮች እንደ ቅስት ወደ ላይ ይጎብጣሉ፤ ከአገጭ ሥርም ትንሽ ይታያል። ይህ ጉብጠት በሚሊሜትር የሚለካ ነው፤ ከተዘነጋ ግን ሴትየዋ ከሠረገላዋ ወርዳ ፊት ለፊታችን የቆመች ትመስላለች። ብዙዎች «ኩራት» የሚሉት የፊቷ ገጽታ ትልቁ ክፍል ከዚህ የአቀማመጥ ስሌት የመጣ ይመስለኛል።

ከንድፉ በኋላ የመጀመሪያው የቀለም ንብርብር ይመጣል፤ በተርፐንታይን የቀጠነ፣ ዘይቱ ያነሰ፣ ብርሃንና ጥላን ብቻ የሚለይ። እዚህ ላይ የዘይት ቀለም ዋና ሕግ ይጀምራል፦ ዘይት የበዛበት ቀለም ዘይት ባነሰበት ላይ ይቀባል እንጂ በተቃራኒው አይሆንም። ዘይት የበዛበት ንብርብር ቀስ ብሎ ይጠነክራል፣ ለረጅም ጊዜም ይንቀሳቀሳል። ከሥር ከሆነ የላይኛው ቀድሞት ይጠነክርና ሥሩ ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል። እንዲያውም የሁሉም ቀለም ፍጥነት አንድ አይደለም። ማንጋኒዝ ያለበት ቡናማ አፈር ቀለም በአንድ ሁለት ቀን ሲነካ የማይለጠፍ ይሆናል፤ የእርሳስ ነጭ ጥቂት ቀናት ይፈልጋል፤ የአጥንት ጥቁርና ማደር ከሚባል ተክል ሥር የሚወጣው ቀይ ከሳምንት በላይ ሊቆዩ ይችላሉ። ጥቁር ልብስ ያለበት ሥዕል የሚሠራ ሰው ይህን ማወቅ ግድ ይለዋል። ያልደረቀ ጥቁር ላይ ነጭ ላባ ቢያስቀምጥ ስንጥቁን በገዛ እጁ አዘጋጀው ማለት ነው።

ወደ ፊቱ እንምጣ። የ19ኛው መቶ ዘመን ሠዓሊ ለነጣ ቆዳ የሚያዘጋጀው ቀለም ከሚገመተው በላይ ጥቂት ነው። ለብርሃኑ ክፍል ስምንት እጅ ያህል የእርሳስ ነጭ፣ ሁለት እጅ ቢጫ አፈር፣ ከአንድ እጅ የማይበልጥ ከሜርኩሪና ከድኝ የሚሠራ ደማቅ ቀይ ጥሩ መነሻ ይሆናል። ከብርሃን ወደ ጥላ በሚሻገረው ክፍል ላይ ቅንጣት የአጥንት ጥቁር ይጨመራል፤ ጥቁር ከቢጫ ጋር ሲገናኝ ወደ አረንጓዴ ያደላል፤ ከቆዳ ሥር የሚታየውን ቀዝቃዛ ግራጫ የሚሰጠው ይህ ነው። ጥላው ደግሞ ነጭ አይገባበትም፤ ቡናማና የማደር ቀይ፣ ስስ ሆኖ፣ መደቡ ከሥሩ እንዲያሳልፍ ይደረጋል። ብርሃን ወፍራም፣ ጥላ ስስ። ጥላው ውስጥ ነጭ ከገባ ፊቱ ጠመኔ የተቀባ ይመስላል፤ ጀማሪ የሠራውን ፖርትሬት ከሩቅ የሚያስለየው አንዱ ምልክት ይህ አመዳምነት ነው። ሌላው ጭቃነት ነው፤ አራት አምስት ቀለም አንድ ላይ ሲታሽ ሁሉም ይሞታል።

ፊት አንድ ቀለም የለውም። ግንባር ወደ ቢጫ ያደላል፤ አጥንቱ ቅርብ ስለሆነ ደም ያንሰዋል። ጉንጭ፣ አፍንጫና ጆሮ ይቀላሉ። አገጭ አካባቢ ወደ ግራጫ ይቀዘቅዛል። በበረዶ ወራት ደጅ ለተቀመጠች ሴት ጉንጩ ላይ ያለው ቅላት ብርዱን ራሱን ያስረዳል፤ ሠዓሊው በረዶ ሳያበዛ አየሩን የሚነግረን በዚህ ነው።

ሁለቱን ቀለሞች ማገናኘት የሚቻለው ሁለቱም እርጥብ ሳሉ ነው። ንጹሕ ለስላሳ ብሩሽ በመገናኛው ላይ አንዴ ወይም ሁለቴ ያልፋል፤ ሦስተኛው ብዙ ነው፣ ቅርጹን ያጠፋዋል። በእንቁላል የተለወሰ ቀለም ይህን ለማድረግ ደቂቃዎች ብቻ ይሰጣል። ዘይት ግን ሰዓታትን፣ አንዳንዴም ቀንን ይሰጣል። ጠዋት የተሠራን ጉንጭ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ማለስለስ ይቻላል።

ዓይኗ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት ያስፈልጋል። የዓይን ነጭ ነጭ አይደለም። ኳስ ስለሆነ ወደ ጥጎቹ ይጠቁራል፤ ከላይ ደግሞ የዓይን ቆቡና ሽፋሽፍቱ ጥላ ይጥሉበታል። በእውነቱ ግራጫ ነው፣ ከጉንጩ ብርሃን ብዙ ጊዜ ይጠቁራል። ነጭ አድርጎ የቀባ ሰው የደነገጠ ፊት ያገኛል። በብሌኑ ዙሪያ ያለው ባለቀለም ክብ ላይ ብርሃን ከላይ ከግራ ከገባ ይበልጥ የሚበራው ታች በቀኝ ያለው ክፍል ነው፤ ብርሃኑ ዘልቆ የሚወጣው በዚያ ነውና። የታችኛው ቆብ ውፍረት አለው፤ ያ እርጥብ ቀጭን ጠርዝ ከተረሳ ዓይኑ ቆዳ ላይ የተለጠፈ ይሆናል። በመጨረሻ፣ ሁሉም ካለቀ በኋላ፣ አንድ ወፍራም የነጭ ነጥብ ይቀመጣል፤ የብሌኑን ጠርዝ ነክቶ፣ ለሁለቱም ዓይን በአንድ አቅጣጫ። ነጥቡ ከተቀመጠ በኋላ አይነካም። በ«ያልታወቀችው» ላይ የላይኛው ቆብ ከክቡ ላይ ጉልህ ክፍል ሸፍኗል፤ ለዚህ ነው አተያይዋ የሚከብደው፣ የሚርቀውም።

ልብሱ ሌላ ፈተና ነው፤ ሁሉም ጥቁር ነው ማለት ይቻላልና። ጥቁርን ከጥቁር የሚለየው ቀለሙ ሳይሆን ብርሃን የሚመልስበት መንገድ ነው። ከፋይ ብርሃንን ይውጣል፤ የሚያበራው እጥፋቱ ጠርዝ ላይ ብቻ ሲሆን ጠርዙም ለስላሳ ነው። ሳቲን ብርሃኑን እንደ መስተዋት ይመልሳል፤ ከጥቁር ወደ ሰማያዊ ነጭ በአንድ ስንዝር ውስጥ ይዘላል። የቆዳው ጸጉር የሚሠራው ዘይቱ በተመጠጠ፣ ደረቅ በሆነ ብሩሽ ከጥላው ወደ ብርሃኑ በመጎተት ነው፤ ጸጉሩን አንድ በአንድ የሚሥል ሰው ሽቦ ያገኛል። ላባውም እንዲሁ፦ ሥሩ አካባቢ ጥርት ብሎ ጫፉ ጉሙ ውስጥ ይጠፋል። ወርቁ ደግሞ ወርቃማ ቀለም አይፈልግም፤ ቡናማ፣ ቢጫ አፈርና አንድ ብርቱ የብርሃን ነጥብ ይበቁታል።

አሁን ቤተ መንግሥቱን እዩት። ዓምዶቹም መስኮቶቹም አሉ፤ ክራምስኮይ አልዘለላቸውም። ያደረገው በዚያ ክፍል ውስጥ በጣም ደማቁና በጣም ጥቁሩ ቀለም እንዳይራራቁ ማጥበብ ነው። ሙሉውን ስፋት፣ ከጥቁር እስከ ነጭ፣ ለባርኔጣዋ፣ ለፊቷና ለላባዋ ብቻ አስቀረው። ዓይናችን ወደ ትልቁ ልዩነት ስለሚሳብ፣ ከተማው ሳይጠፋ ከኋላ ይቀራል። ለመግቢያ ላነሣሁት የፎቶ ንጽጽር መልሱ ይኸው ነው።

ሥዕሉ ያስነሣው ወሬ በቀጥታ ከዚህ ጥራት የመጣ ነው። ክራምስኮይ በ1863 ከሴንት ፒተርስበርግ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ለወርቅ ሜዳልያ ውድድር የተሰጣቸውን የስካንዲኔቪያ አማልክት ግብዣ አንሥልም ብለው የወጡት 14 ተማሪዎች መሪ ነበር። በ1870 የተመሠረተው፣ ሥዕልን ከከተማ ወደ ከተማ እያዞረ የሚያሳይ የፔሬድቪዥኒኪ ማኅበርም ዋና ሰው እሱ ነው። በ1883 በ11ኛው የማኅበሩ ኤግዚቢሽን ላይ ይህች ሴት ስትቀርብ ሰው ሁሉ ማን ናት አለ። ልብሷ እንከን የለሽ ሆኖ የተሣለ በመሆኑ የዘመኑ ተመልካች እያንዳንዱን ዕቃ ለይቶ አወቀው፤ ሁሉም ደግሞ የዚያ ዓመት ፋሽን ነበር። የመሳፍንት ወገን የሆነች ሴት ሁሉንም አዲስ ነገር በአንድ ጊዜ መልበስን እንደ ነውር ታየው ነበር። ስለዚህ ብዙዎች የሀብታም ቅምጥ ናት ብለው ደመደሙ፤ ታዋቂው ተቺ ቭላድሚር ስታሶቭም በዚሁ መልክ ተናገረባት። የክራምስኮይን ሥራዎች ይገዛ የነበረው ፓቬል ትሬትያኮቭ ይህን አልገዛም። ሥዕሉ በግል ስብስብ ቆይቶ፣ ከ1917ቱ የሩሲያ አብዮት በኋላ ስብስቡ ተወርሶ፣ በ1925 ነው ወደ ጋለሪው የገባው። ለሥዕሉ መነሻ የሆነ የሙከራ ሥዕል በፕራግ በግል ስብስብ ይገኛል፤ እዚያ ያለችው ሴት ፊቷ ይበልጥ ደፋርና ሸካራ ነው። በመጨረሻው ሸራ ላይ ሠዓሊው አለስልሷታል፤ ማለት የምናየው ፊት በከፊል የተገነባ ነው። ማንነቷን የሚፈልጉ ሰዎች ይህን ይዘነጉታል።

እርጅናውም የሥራው አካል ነው። ሥዕል ካለቀ በኋላ ቫርኒሽ፣ ማለት ቀለሙን የሚጠብቅ ብርሃን አሳላፊ ሽፋን፣ ለመቀባት ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት መጠበቅ ይገባል። ቫርኒሹ አንድ እጅ ዳማር የሚባል የዛፍ ሙጫ በሦስት ወይም አራት እጅ ተርፐንታይን የሟሟ ነው፤ ቸኩሎ የቀባ ሰው ቫርኒሹን ከሥዕሉ ጋር ያጣብቀዋል፣ በኋላም ለይቶ ማንሣት አይቻልም። ቫርኒሹ በአሥርተ ዓመታት ውስጥ ቢጫ፣ ከዚያም ቡናማ ይሆናል፤ ሰማያዊው ወደ አረንጓዴ፣ የነጣው ቆዳ ወደ ሻይ ቀለም ይዞራል። አሮጌ ሥዕል የሚጠግኑ ባለሙያዎች ይህን በጥጥና በተመረጠ ማሟሟያ፣ በትንሽ በትንሹ፣ ከጥፍር በማይበልጥ ቦታ ሞክረው ያነሡታል።

በዚያ መቶ ዘመን ከሁሉ የከፋው ስህተት ሬንጅ ነበር። ከአስፋልት የሚወጣው ይህ ቡናማ ሲቀባ እጅግ ሙቅና ጥልቅ ጥላ ይሰጣል፤ ብዙዎችን ያማለለውም ይኸው ነው። ነገር ግን ጨርሶ አይጠነክርም፤ በላዩ ያለው ቀለም እየተንሸራተተ ይቀደድና ሸራው የአዞ ቆዳ ይመስላል። ይህን መልሶ የሚያድን ጠጋኝ የለም። የዚንክ ነጭም ይጎዳል፤ መርዛማ ስላልሆነ ከእርሳሱ ይመረጥ ነበር፣ ከጊዜ በኋላ ግን ተሰባሪ ሆኖ ይላጣል። የእርሳሱ ነጭ ጠንካራ ቢሆንም ከዘይቱ ጋር ቀስ እያለ ወደ ሳሙናነት ይለወጣል፤ ቀለሙ ማሳለፍ ሲጀምር ሠዓሊው የሸፈነው የመጀመሪያ መስመር፣ ለምሳሌ ቦታ የቀየረ ጣት፣ ከሥሩ ብቅ ይላል። የማደር ቀይ ደግሞ ስስ ከሆነና ብርሃን ከበዛበት ይለቃል። በአንዳንድ አሮጌ ፖርትሬቶች ላይ ሴቶቹ ገርጥተው የሚታዩት ሲሣሉም ገርጥተው ስለነበሩ አይደለም፤ ጉንጫቸው ላይ የነበረው ቀይ ስለሄደ ነው።

እንዲህ ያለ ሥዕል ፊት የመቆም ዕድል ያገኘ ሰው ሦስት ቦታ ቢቆም ይጠቅመዋል። መጀመሪያ ከሦስት ሜትር፣ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ፣ ጥቁሩና ነጩ እንዴት እንደተከፈለ ለማየት። ቀጥሎ ጠባቂው እስከፈቀደው ድረስ ቀርቦ፣ የቆዳው ጸጉርና ላባው ወደ ብሩሽ ጭረት ሲበታተን ለማየት። በመጨረሻ ከጎን፣ የመብራቱ ነጸብራቅ በሸራው ላይ በሚያልፍበት ማዕዘን። ከዚያ ማዕዘን ፊቷ ይጠፋል፤ የሚታየው ቀለሙ የወፈረበትና የሳሳበት፣ መረቡን የመሰለው ስንጥቅ፣ የዓይኗም ላይ ጉብ ያለችው ነጥብ ነው።